የግዛት የግንባታ ኮድና የአካል ጉዳተኞች ተደራሽነት በአሜሪካ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአሜሪካ ምግብ ቤት፣ ቡና ቤት፣ ሱቅ ወይም የሕፃናት መዋያ ለመክፈት የሚነሱ ወገኖቻችን ስለ ኪራዩ፣ ስለ ኩሽናው ጭስ ማውጫና ስለ ማስታወቂያ ሰሌዳው አብዝተው ይጨነቃሉ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ ደንበኛ በየት በኩል ይገባል የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ የሚነሳው ውሉ ከተፈረመና ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ጠቅላላ መረጃ እንጂ የጠበቃ ምክር አይደሉም። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የግዛቱ የግንባታ ኮድና ኤዲኤ አንድ ናቸው?

አይደሉም፤ ግራ መጋባቱ ሁሉ የሚጀምረውም ከዚህ ነው። ኤዲኤ እየተባለ የሚጠራው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ በፕሬዚዳንት ጆርጅ ኤች. ደብልዩ. ቡሽ ፊርማ ጁላይ 26 ቀን 1990 የጸደቀ የፌደራል የሲቪል መብት ሕግ ነው። የሚያስፈጽሙትም የፌደራሉ የፍትሕ ሚኒስቴርና መብቱ ተነካብኝ ብሎ ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው ናቸው። የግንባታ ኮድ ደግሞ ግዛቱ የሚያወጣው፣ የከተማው ወይም የካውንቲው የግንባታ ጽሕፈት ቤት የሚያስከብረው ደንብ ነው። ፕላን የሚመረምረው፣ ፈቃድ የሚሰጠው፣ ሥራው ሲያልቅ መጥቶ የሚለካው ይህ ጽሕፈት ቤት ነው። አንድ ሕንፃ ሁለቱንም ማሟላት አለበት።

የከተማው ተቆጣጣሪ አይቶ ፈርሞልኛል። ከዚያ በኋላም ልከሰስ እችላለሁ?

አዎ። ተቆጣጣሪው የመረመረው የግዛቱን ኮድ ነው፤ በኤዲኤ ስም ይሁንታ የመስጠት ሥልጣን የለውም። የፍትሕ ሚኒስቴር የአንድን ግዛት ኮድ ከፌደራሉ መለኪያ ጋር እኩል ነው ብሎ ሊያረጋግጥ ይችላል፤ እንዲህ ያለው ማረጋገጫ ክርክር ሲነሳ ለባለ ሕንፃው ይጠቅማል፣ ነገር ግን ከክስ ፈጽሞ ነጻ አያወጣም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የመጠቀሚያ ፈቃድ እንደ መድኅን ቆጥሮ መተኛት አደገኛ ነው።

የሁሉም ግዛቶች ኮድ አንድ ዓይነት ነው?

መሠረቱ በአብዛኛው አንድ ነው። ብዙዎቹ ግዛቶች ዓለም አቀፉን የግንባታ ኮድ ተቀብለው የራሳቸውን ማሻሻያ ያክሉበታል። በዚህ ኮድ ተደራሽነትን የሚመለከተው ምዕራፍ 11 ነው፤ የበሩን፣ የመጸዳጃውንና የመወጣጫውን ዝርዝር ልክ ደግሞ ኤ117.1 የተባለው ደረጃ ይሰጣል። ይህ ደረጃ መጀመሪያ የታተመው በ1961 ነው፤ ከኤዲኤ 29 ዓመት ይቀድማል።

ልዩነቱ የሚመጣው ከማሻሻያውና ከእትሙ ነው። ቨርጂኒያ ለመላው ግዛት አንድ ወጥ ኮድ አላት። ሜሪላንድ ለተደራሽነት ብቻ የወጣ ኮድ ታስፈጽማለች። ዋሽንግተን ዲሲ የራሷ የግንባታ ኮዶች አሏት። ስለዚህ ከሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ሁለተኛ ቅርንጫፍ የሚከፍት ሰው የመጀመሪያውን ፕላን እንዳለ ገልብጦ ማቅረብ አይችልም። ካሊፎርኒያ የፌደራሉን መለኪያ በራሷ የግንባታ ደንብ ውስጥ አስገብታ በብዙ ቦታ አጥብቃዋለች። ቴክሳስ የራሷ የተደራሽነት መለኪያ አላት፤ 50,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የተገመተ ግንባታ ወይም እድሳት በግዛቱ የፈቃድና ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ተመዝግቦ፣ በተመዘገበ የተደራሽነት ባለሙያ እንዲመረመር ታስገድዳለች። ከዚያ በታች የሆነው ሥራ ምዝገባው ይቀርለታል እንጂ መለኪያው አይቀርለትም።

እትሙም ቀላል ነገር አይደለም። ኤዲኤ በሚሠራበት የፌደራሉ የ2010 መለኪያ ተሽከርካሪ ወንበር የሚዞርበት ክብ ስፋት 60 ኢንች ነው፤ የ2017ቱ የኤ117.1 እትም ግን ለአዲስ ሕንፃ 67 ኢንች ይጠይቃል። ሰባት ኢንች በአንዲት ጠባብ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ግድግዳ የሚያስፈርስ ልዩነት ነው። ስለዚህ ለአርክቴክትዎ የሚያቀርቡት የመጀመሪያ ጥያቄ «ይህ ከተማ የሚሠራበት የትኛው እትም ነው?» የሚል ይሁን።

ሁለቱ ሕጎች ከተለያዩ የትኛውን ልከተል?

ለአካል ጉዳተኛው የተሻለ መዳረሻ የሚሰጠውን። ለምሳሌ የፌደራሉ መለኪያ ገንዘብ የሚከፈልበት ባንኮኒ ቢያንስ በከፊሉ ከ36 ኢንች እንዳይበልጥ ሲል፣ ካሊፎርኒያ 34 ኢንች ትላለች። በሎስ አንጀለስ የሚሠራ አናጺ 34ን ይዞ ከሠራ ሁለቱንም አሟላ ማለት ነው።

ሕንፃው ከኤዲኤ በፊት የተሠራ አሮጌ ነው። እንደ ድሮው አይታለፍም?

አይታለፍም። «አሮጌ ቤት ነጻ ነው» የሚለው ወሬ ከአከራይ ወደ ተከራይ፣ ከተከራይ ወደ ተቋራጭ እየተላለፈ ብዙ ሰው ጎድቷል።

የግዛት ኮድ በአብዛኛው የሚነሳው ግንባታ፣ እድሳት ወይም የአገልግሎት ለውጥ ሲኖር ነው፤ ወሬው ትንሽ እውነት ያገኘው ከዚህ ይመስለኛል። ኤዲኤ ግን ምንም እድሳት ባይኖርም ለሕዝብ ክፍት የሆነ ንግድ ያለ ብዙ ችግርና ያለ ብዙ ወጪ ሊያነሳው የሚችለውን መሰናክል እንዲያነሳ ያዝዛል። ምን ያህሉ ብዙ ወጪ ነው የሚለው እንደ ድርጅቱ አቅም ይታያል፤ ከትልቅ ሆቴልና ከአንዲት ትንሽ የቡና መሸጫ እኩል አይጠበቅም። ቅድሚያውም ተነግሯል፦ በመጀመሪያ ከእግረኛ መንገድና ከመኪና ማቆሚያ ወደ ውስጥ መግባት፣ ቀጥሎ ዕቃውና አገልግሎቱ ወዳለበት መድረስ፣ ከዚያ መጸዳጃ ቤት፣ በመጨረሻ ሌላው ሁሉ። ግዴታው አንድ ጊዜ ተፈጽሞ የሚያበቃ አይደለም፤ ዘንድሮ ያልተቻለው የዛሬ ዓመት ገቢ ሲሻሻል ሊቻል ይችላል።

አንድ እፎይታ አለ። በ1991ዱ የፌደራል መለኪያ መሠረት በትክክል የተሠራ ነገር የ2010ሩ መለኪያ ማርች 15 ቀን 2012 ግዴታ ስለሆነ ብቻ እንዲፈርስ አይጠየቅም፤ ያው ክፍል ሲታደስ ግን አዲሱን ልክ ይይዛል።

ማደስ ብፈልግ የሚነካው ያደስኩት ክፍል ብቻ ነው?

የሚነካው ክፍል በሙሉ አዲሱን ልክ መያዝ አለበት። ከዚያ አልፎ የንግዱ ዋና ሥራ የሚካሄድበትን ክፍል፣ ለምሳሌ የመመገቢያ አዳራሹን፣ የሚያድስ ሰው ወደዚያ ክፍል የሚወስደውን መንገድና ያንን ክፍል የሚያገለግለውን መጸዳጃ ቤትም ማስተካከል ይጠበቅበታል። የፌደራሉ ሕግ ለዚህ ተጨማሪ ሥራ ጣሪያ አድርጎ ያስቀመጠው የእድሳቱን ወጪ 20 በመቶ ነው። አዳራሹን በ60,000 ዶላር ካደሱ እስከ 12,000 ዶላር ለመግቢያው፣ ለመንገዱና ለመጸዳጃ ቤቱ ያውላሉ፤ ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ መግቢያው ይቀድማል። ቀለም መቀባት ወይም የጣሪያ ክዳን መቀየር ብቻውን ይህን ግዴታ አያስነሳም።

ይህ 20 በመቶ የሁሉም ግዛት ጣሪያ አይደለም። ማሳቹሴትስ በተለየ መንገድ ትቆጥራለች፦ ሥራው ከ100,000 ዶላር በታች ከሆነ የሚሠራው ነገር ብቻ ልኩን ይይዛል፤ ከዚያ ካለፈ ለሕዝብ የሚያገለግል ተደራሽ መግቢያና መጸዳጃ ቤት ይጨመራል፤ ወጪው የሕንፃውን ዋጋ 30 በመቶ ከደረሰ ደግሞ መላው ሕንፃ መስተካከል አለበት። ቦስተን ውስጥ እድሳት የሚያስብ ሰው ይህን ሒሳብ ከተቋራጩ ዋጋ በፊት ይሥራ።

በር ላይ ሦስት ደረጃ አለ። ራምፕ፣ ማለትም ተዳፋት መወጣጫ፣ ለመሥራት ስንት ቦታ ያስፈልገኛል?

ብዙዎች ከሚገምቱት በእጅጉ ይበልጣል። ሕጉ በየአንድ ኢንች ከፍታ ቢያንስ 12 ኢንች ርዝመት ይጠይቃል። አንድ ደረጃ 7 ኢንች ቢሆን ሦስቱ 21 ኢንች ናቸው፤ ስለዚህ ራምፑ ብቻ 21 ጫማ ይሆናል። ከላይና ከታች ወንበሩ የሚያርፍበት አምስት አምስት ጫማ ሜዳ ሲጨመር 31 ጫማ ደረሰ። ስፋቱ ቢያንስ 36 ኢንች፣ ከፍታው ከ6 ኢንች ካለፈ በሁለቱም ጎን ከ34 እስከ 38 ኢንች ከፍታ ያለው የእጅ መደገፊያ፣ ወንበሩ ከጎን እንዳይወድቅ የጠርዝ መከላከያም ይኖረዋል።

ይህን ሒሳብ ያልሠራ ሰው በሁለት ሣንቃ ቀጥ ያለ ነገር አበጅቶ «ራምፕ አለን» ይላል። እንዲህ ባለው ላይ ወንበሩ ወደ ኋላ ይገለበጣል፤ ሰው ይጎዳል። ቦታ ከሌለ ሌላ መንገድ ይፈለጋል። በጎን ወይም በኋላ ደረጃ የሌለው በር ሊኖር ይችላል፤ ለነባር ሕንፃ ቀጥ ብላ የምትወጣ አነስተኛ ማንሻም ትፈቀዳለች። ራምፑ የከተማውን የእግረኛ መንገድ የሚነካ ከሆነ ለብቻው የከተማ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

በሩስ?

በሩ 90 ዲግሪ ተከፍቶ ከበሩ ፊት በሩ ሲዘጋ እስከሚያርፍበት የመቃኑ ማቆሚያ ድረስ 32 ኢንች ክፍት መሆን አለበት። ደፉ ከግማሽ ኢንች አይበልጥም። የሚጠመዘዝ ክብ እጀታ አይፈቀድም፤ በአንድ እጅ ሳይጨብጡ ወደ ታች የሚጫኑት ዓይነት ያስፈልጋል። በሩን ወደ ራስ በሚስቡበት በኩል፣ ከእጀታው ጎን፣ ብዙ ጊዜ 18 ኢንች ባዶ ግድግዳ ይፈለጋል፤ የአበባ ማስቀመጫ ወይም የጃንጥላ መያዣ የሚቀመጥበት ጥግ ያው ነው።

ተቆጣጣሪዎች መጸዳጃ ቤት ውስጥ ምን ይለካሉ?

ሁሉንም ማለት ይቻላል። የመጸዳጃ መቀመጫው መሐል ከጎኑ ግድግዳ ከ16 እስከ 18 ኢንች ይርቃል፤ በካሊፎርኒያ ከ17 እስከ 18 ነው። ከፍታው ከ17 እስከ 19 ኢንች ነው። በዙሪያው ከጎን ግድግዳ 60፣ ከኋላ ግድግዳ 56 ኢንች ነጻ ቦታ ይተዋል። የጎኑ መያዣ ብረት 42፣ የኋላው 36 ኢንች ርዝመት ኖሯቸው ከወለሉ ከ33 እስከ 36 ኢንች ላይ ይታሰራሉ፤ ብረቱ በጂፕሰም ሰሌዳ ላይ ብቻ ከታሰረ የሰው ክብደት ሲያርፍበት ተነቅሎ ይመጣል፣ ከውስጥ እንጨት ሊኖረው ይገባል። የእጅ መታጠቢያው ጠርዝ ከ34 ኢንች አይበልጥም፤ በላዩ ያለው መስታወት የታችኛው ጠርዝ ከ40 ኢንች በላይ አይሰቀልም።

ከመታጠቢያው ሥር ያለው ቧንቧ እንዲሸፈን የሚጠየቀው ለጌጥ እንዳይመስልዎ። አከርካሪው የተጎዳ ሰው እግሩ ስሜት ላይኖረው ይችላል፤ የጋለ ቧንቧ ጉልበቱን ሲያቃጥለው አያውቅም። ቁስሉን የሚያየው ቤቱ ገብቶ ልብሱን ሲያወልቅ ነው።

መጸዳጃ ቤቱ በልክ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የሚበላሸው በአያያዝ ነው። ሰፊ ስለሆነ ትርፍ ወንበር፣ የማጽጃ ባልዲና የሕፃናት ከፍ ያለ ወንበር ይከማችበታል። ልኩን አሟልቶ የተሠራውን እንደተሠራ መጠበቅም የሕግ ግዴታ ነው።

በመሶብና በዱካ የምናስተናግድ ምግብ ቤት ነን። ባህላዊ አቀማመጣችን ተከልክሏል ማለት ነው?

አልተከለከለም። ሕጉ የሚለው ከጠቅላላው መቀመጫ ቢያንስ 5 በመቶው በተሽከርካሪ ወንበር ለሚመጣ ሰው የሚሆን ጠረጴዛ ይኑረው ነው። ስድሳ ሰው ለሚያስተናግድ ቤት ሦስት ቦታ ማለት ነው። የጠረጴዛው ገጽ ከወለል ከ28 እስከ 34 ኢንች፣ ከሥሩ ለጉልበት 27 ኢንች ከፍታ፣ 30 ኢንች ስፋትና 17 ኢንች ጥልቀት ያለው ክፍት ቦታ ያስፈልገዋል። መሶብ ዝቅ ያለ ነው፣ ወደ ታችም ሰፍቶ ስለሚወርድ ጉልበት የሚገባበት ስፍራ የለውም፤ እንግዳው ከትሪው ርቆ ሌላው እንዲያጎርሰው ሊጠብቅ ነው። ጉርሻ በፍቅር ሲሆን ያምራል፤ በራሱ እጅ መቁረስ አቅቶት ሲሆን ግን ያሳፍራል። ስለዚህ በትክክለኛው ከፍታ ያሉ ጠረጴዛዎችን ያዘጋጁ፤ አንድ ጥግም አያጉሯቸው፣ በአዳራሹ ውስጥ ይሠራጩ። ትሪው፣ ጨርቁና የቡናው ሥነ ሥርዓት እዚያም ይድረስ።

በመመገቢያው ውስጥ ለእንግዶች ያስቀመጡት የእጅ መታጠቢያ ካለ እሱም ከላይ የተጠቀሰውን ልክ ይከተላል። ቡና የሚፈላበት ከፍ ያለ መድረክ ላይ እንግዶች የሚቀመጡ ከሆነ በአዲስ ግንባታ መድረኩ መዳረሻ ያስፈልገዋል። ከፊት ጀምሮ የነበረ ከፍ ያለ የመመገቢያ ስፍራ ግን ሲታደስ፣ ያው አገልግሎትና ያው ድባብ ለሁሉም ክፍት በሆነ ተደራሽ ቦታ ከተሰጠ ሊታለፍ ይችላል።

የመኪና ማቆሚያው የሕንፃው ባለቤት ንብረት ነው። እኔን ይመለከተኛል?

ይመለከትዎታል፤ ምክንያቱ በሚቀጥለው ጥያቄ ላይ አለ። ከ1 እስከ 25 ቦታ ላለው ማቆሚያ አንድ፣ ከ26 እስከ 50 ላለው ሁለት ተደራሽ ቦታ ይመደባል፤ አንድ ብቻ ከሆነ ለቫን የሚበቃ መሆን አለበት። የቫኑ ቦታ 132 ኢንች ስፋት ሆኖ ከጎኑ በወንበር ከመኪናው የሚወረድበት 60 ኢንች መውረጃ ኖሮት፣ ወይም ቦታውም መውረጃውም እያንዳንዳቸው 96 ኢንች ሆነው ይሰመራል። ምልክቱ አስፋልት ላይ ብቻ ተቀብቶ የሚቀርበት ቦታ ብዙ ነው፤ በምሰሶም መሰቀል አለበት። የእግረኛ መንገዱ ራምፕ በመውረጃው ቦታ ላይ ተዘርግቶ ከተገነባም ስህተት ነው፣ መሬቱ እዚያ ሜዳ መሆን አለበት። መስመሩን እንደገና ማስመር ራሱ እንደ እድሳት ስለሚቆጠር ቀለሙ ሳይፈስ ልኩ ይታይ።

ኃላፊነቱ የአከራይ ነው ወይስ የተከራይ?

የሁለቱም። በኪራይ ውሉ ሥራውንና ወጪውን መከፋፈል ይችላሉ፤ ያ ክፍፍል ግን የሚሠራው በእርስዎና በአከራዩ መካከል ብቻ ነው። የተጎዳው ደንበኛ ሁለቱንም ሊከስ ይችላል። «ተከራይ ሕግ ሁሉ ያሟላል» የሚል አንድ መስመር በውሉ ገጾች መካከል ተደብቆ ይገኛል፤ ያቺ መስመር የመግቢያውን ራምፕና የጋራ መጸዳጃ ቤቱን ወደ እርስዎ ልታዞር ትችላለች። ከመፈረምዎ በፊት በሩ፣ መጸዳጃ ቤቱና ማቆሚያው ይለኩ፤ ጉድለቱ በዝርዝር ተጽፎ ማን እንደሚያስተካክለው በውሉ ይግባ። የኪራይ ቅናሽ የሚጠየቀውም ያን ጊዜ ነው።

ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃ አሳንሰር ያስፈልገዋል?

በፌደራሉ ሕግ ከሦስት ፎቅ በታች የሆነ፣ ወይም እያንዳንዱ ወለል ከ3,000 ስኩዌር ጫማ ያነሰ የግል ሕንፃ በአብዛኛው አያስፈልገውም፤ የገበያ ማዕከልና የሐኪም ቢሮ ግን ከዚህ ነጻነት ውጭ ናቸው። ፍሎሪዳ ይህን ነጻነት አትቀበልም፤ እዚያ ወደ ሁሉም ወለል መድረስ ግዴታ ነው፣ ካልተቻለ ከግዛቱ የግንባታ ኮሚሽን የተለየ ፈቃድ ይጠየቃል።

ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ነጻ ናቸው ሲባል እንሰማለን።

ከኤዲኤ የሕዝብ አገልግሎት ክፍል ነጻ ናቸው፤ ከግዛቱ የግንባታ ኮድ ግን በአጠቃላይ ነጻ አይደሉም። ሕንፃ ገዝተው ወደ አምልኮ ስፍራ ሲቀይሩ የአገልግሎት ለውጥ ይባላል፤ ፕላን ሲቀርብ ምዕራፍ 11 ይነሳል። ኮዱ ለመቅደስ ዓይነት ስፍራ ቦታ ትቷል። ለምሳሌ በ2009ኙ የዓለም አቀፍ ኮድ እትም ከ300 ስኩዌር ጫማ ያነሰና ከወለሉ 7 ኢንች ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ያለ፣ በዋናነት ለሥርዓተ አምልኮ የሚያገለግል መድረክ መዳረሻ አይጠየቅበትም። ምእመናን የሚቆሙበት ቅኔ ማኅሌት፣ አዳራሹና መጸዳጃ ቤቱ ግን ይጠየቅባቸዋል። የቤተ ክርስቲያኑን ክፍል ተከራይቶ የሚሠራ የውጭ ድርጅት፣ እንደ ሕፃናት መዋያ ያለ፣ በኤዲኤም ይገዛል።

ሕጉ ባያስገድድ እንኳ ይህ ጉዳይ የእኛ ነው። አሜሪካ ካደረሱን ወላጆች ብዙዎቹ ዛሬ ጉልበታቸው ደክሟል፤ ሰንበት በመጣ ቁጥር ደረጃውን በሁለት ልጆች ተደግፈው የሚወጡ እናቶች አሉ። መግቢያው ላይ የተደረደረው የጫማ መደርደሪያ እንኳ መተላለፊያውን ከ36 ኢንች በታች ካጠበበው በወንበር የመጣውን ሰው ደጅ ያስቀራል። እሱን ማዞር ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ለወጪው እርዳታ አለ?

ለአነስተኛ ንግድ የፌደራል የግብር ቅናሽ አለ። ባለፈው ዓመት ጠቅላላ ገቢው ከ1 ሚሊዮን ዶላር ያልበለጠ ወይም ከ30 የማይበልጡ የሙሉ ጊዜ ሠራተኞች የነበሩት ድርጅት፣ ለተደራሽነት ካወጣው ከ250 እስከ 10,250 ዶላር ካለው ወጪ ግማሹ ከግብሩ ይቀነስለታል፤ 6,250 ዶላር ካወጡ 3,000 ዶላር ይቀነስልዎታል። ቅጹ 8826 ይባላል። ለአዲስ ግንባታ አይሠራም። ከዚህ ሌላ መሰናክል ለማንሳት የወጣ እስከ 15,000 ዶላር በዓመት ከሚታሰብ ገቢ ሊቀነስ ይችላል። የሒሳብ ባለሙያዎ ካላነሳልዎ እርስዎ ያንሱ።

የክስ ደብዳቤ ደረሰኝ። ምን ላድርግ?

ጊዜ ሳያባክኑ ጠበቃ ያማክሩ፤ ደብዳቤውን መጣልም ሆነ በድንጋጤ ወዲያው መክፈል ጉዳት አለው። በፌደራሉ ሕግ ግለሰብ ከሳሽ የሚያገኘው መሰናክሉ እንዲነሳ የሚያዝ ፍርድና የጠበቃ ወጪ ነው፣ ካሣ የለም። የግዛት ሕግ ግን ካሣ ሊጨምር ይችላል። በካሊፎርኒያ ዝቅተኛው 4,000 ዶላር ነው፤ ጉድለቱን ቶሎ ያስተካከለ በተወሰኑ ሁኔታዎች ይቀነስለታል። እዚያው ካሊፎርኒያ በግዛቱ የተመሰከረለት የተደራሽነት ባለሙያ ከክሱ በፊት ሕንፃውን መርምሮልዎት ከሆነ ክርክሩ ለጊዜው እንዲቆም መጠየቅ ይችላሉ። ከሳሹ ማንም ይሁን፣ መሰናክሉ እውነት ከሆነ ያስተካክሉት።

የሚያስረዳኝ ማን ነው?

ለግዛቱ ኮድ የከተማው ወይም የካውንቲው የግንባታ ጽሕፈት ቤት፤ ፕላን ከማስገባትዎ በፊት ጥያቄ የሚቀበሉ ብዙ ናቸው። ለኤዲኤ የፍትሕ ሚኒስቴር የመረጃ መስመር በ800-514-0301 በነጻ ይገኛል። አርክቴክት ሲቀጥሩ በግዛቱ ፈቃድ ያለው መሆኑን፣ የተደራሽነት ልኮቹን በፕላኑ ላይ በቁጥር እንደሚጽፍም ይጠይቁ። ሥራው ሲያልቅ ለተቋራጩ የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠትዎ በፊት ሜትር ይዘው በሩን፣ የመጸዳጃውን መሐል፣ የመያዣውን ብረትና የራምፑን ርዝመት ራስዎ ይለኩ።